በጃንዋሪ አንድ የጻፍኳቸው ሁለት አልማዞች

አሜሪካ ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ፎቅና ስለ መንገድ እንዲያወራ ይጠበቃል። ጎንደር ከገባሁ ጀምሮ ሊጠይቀኝ የሚመጣው ሁሉ “ፎቁስ እንዴት ነው?” ይለኛል። እኔ ግን የዴንቨርን ፎቆች ያየሁት አንድ ጊዜ፣ ከመኪና መስኮት፣ ያውም እያንቀላፋሁ ነው። አሥራ ሁለቱን ቀን ያሳለፍኩት ስለ አንድ ቤትና ስለ ሁለት ሴቶች ስጨነቅ ነው። ፎቁን የፈለገ ሌላ ሰው ይጠይቅ፤ እኔ የደረሰብኝን ቀን በቀን ልጻፍ።

የሄድኩት ቤት ልባርክ ነው። ታናሽ እህቴ አልማዝ ታደሰ ከዴንቨር ጋር በተያያዘችው ኦሮራ በምትባል ከተማ ወደ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት አቅመ ደካማ እያጠበችና እያበላች ልጇን ቤቲን ለኮሌጅ አድርሳለች። ባሏ ካረፈ ቆይቷል። የምትኖርበት ሕንጻ ተሽጦ ተከራዩ ሁሉ በወሩ መጨረሻ እንዲለቅ ሲነገረው፣ ግሪን ቫሊ ራንች በሚባል ሰፈር ጓሮ ያለው ቤት አይታ ወደደችው። “ጋሼ፣ የምከራየው ቤት አገኘሁ። አባታችን ባይኖር አንተ አለህ፤ መጥተህ ባርክልኝ” አለችኝ በስልክ። ቪዛው እንደ ምንም ተገኘና በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ቀን፣ እሑድ። ቀን ልበለው እንጂ ፀሐይዋ ከእኛ ጋር ስለምትሄድ መቼ እንደጀመረና መቼ እንዳለቀ አላወቅሁም። አውሮፕላን ውስጥ ጫማዬን አውልቄ ተኛሁ። ስነቃ እግሬ አብጦ ጫማው እምቢ አለኝ። ስልሳ አራት ዓመት የኖርኩ፣ እንግሊዝኛ ሳስተምር ጡረታ የወጣሁ ሰው፣ ዴንቨር የገባሁት ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ በካልሲ ነው። ቤቲ ልትቀበለኝ መጥታ እግሬን አየችና ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጉልበቴን ሳመች። ቤተ ክርስቲያን ያስተማሯት መሆን አለበት።

መኪና ውስጥ ገና ከመግባታችን የውሃ ጠርሙስ ሰጠችኝ። “ጋሼ፣ ዋተር ይጠጡ። እዚህ አልቲቲዩዱ ሃይ ነው፤ ሁሉም እንግዳ ሄዴክ ይይዘዋል።” እኔ እኮ ከጎንደር ወደ ዴንቨር የመጣሁት ቁልቁል ወርጄ ነው። ይህን ስነግራት አላመነችኝም፤ መንገድ ላይ መብራት ሲይዘን በስልኳ ፈልጋ አረጋገጠች። ከዚያ በኋላ ውሃ ጠጣ ያለኝ የለም።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ ያለው ምድር ሜዳ ነው። ቢጫ ሣር፣ ሽኮኮ የሚያህሉ ፍጥረቶች ከጉድጓዳቸው ወጥተው ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ በስተ ምዕራብ ደግሞ ተራሮቹ ጭስ መስለው ተደርድረዋል። የኛ ተራራ ከእግርህ ሥር ይጀምራል፤ ይሄኛው ሩቅ ቆሞ ያይሃል። በእንቅልፍና በንቃት መሀል ሆኜ ሳየው ተራራው ነው የሚሄደው ወይስ እኛ ነን የምንሄደው እያልኩ ኦሮራ ደረስን።

አልማዝ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል፤ ድስቱ ሳይቀር ታስሯል። “ነገ ቤቱን ታሳይኛለሽ” አልኳት። አልጫዋን ወደኔ ገፋ አድርጋ “ብላ እስኪ” አለች። ሁለተኛም ስጠይቃት ተነሥታ ወደ ኩሽና ሄደች። ያኔ ቤቲ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ማሚ አልነገረችዎትም እንዴ? ዲናይድ ሆነናል” አለችኝ።

“ማነው የከለከላችሁ?”

“ኮምፒውተሩ። ኦንላይን አፕላይ አደረግን፤ በፎር ሚኒትስ ውስጥ ኖ አለ።”

“ለምን አለ?”

“አይናገርም። ኖ ብቻ ነው የሚለው።”

እኛ ሀገር ቤት የምትከለክልህ አከራይዋ ናት። ከራስህ እስከ እግርህ ታይሃለች፣ የማን ልጅ እንደሆንክ፣ ስንት ልጅ እንዳለህ፣ ማታ ታመሽ እንደሆነ ትጠይቅሃለች። ክፉም ብትሆን ፊት አላት፤ አይተህ ወይ ትለምናታለህ ወይ ትረግማታለህ። የማይታይ ከልካይ እንዴት እንደሚለመን ጨነቀኝ። እህቴ ጉዞዬ እንዳይበላሽ ብላ ነገሩን ደብቃኝ ኖሯል። ወሩ ሊያልቅ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው።

ሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ። ተከራዮችን ለቤት አከራዮች የሚመረምር አንድ ድርጅት አለ፤ በሕጉ መሠረት ስለ አንተ የጻፈውን ከጠየቅኸው ይልክልሃል። ቤቲ ጠይቃ ስለነበር ጠዋት ወረቀቱ በኮምፒውተሯ መጣ። ጮክ ብላ አነበበችልን። አልማዝ ታደሰ፣ የተወለደችው ጃንዋሪ አንድ 1962፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለ አፓርትመንት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተባርራለች።

“ኮልፋክስ ኖሬ አላውቅም!” አለች እህቴ። “ፍርድ ቤት በሩን አላውቀውም።”

ቤቲ ስልክ ደወለች። የሚያነሣው የተቀረጸ ድምፅ ነው፤ ቁጥር ተጫኑ ይላል፣ ስትጫን ሌላ ቁጥር ይሰጥሃል። በመጨረሻ የተገኘችው ሴት ቅሬታው ተመርምሮ መልስ ለመስጠት እስከ ሠላሳ ቀን ይፈጃል አለች። እህቴ ለሥራ ዩኒፎርሟን ለብሳ ወጣች። ስትወጣ ፊቷን አላሳየችኝም።

የእኔ ዓይን ግን ወረቀቱ ላይ የቀረው ሌላ ነገር አይቶ ነው። ጃንዋሪ አንድ። ያን ቀን የጻፍኩላት እኔ ነኝ።

ይህን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በዚያ በክፉው ዘመን ድንበር ተሻግረን ሱዳን፣ ገዳሪፍ አጠገብ ስደተኞች ነበርን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ስለነበርኩ አስተርጓሚ አድርገውኝ፣ ወደ አሜሪካ የሚሄዱትን ፎርም የምሞላው እኔ ነበርኩ። “መቼ ተወለድሽ?” እላለሁ። “አንበጣ በገባ ዓመት፣ ገብስ ሲያሸት” ትለኛለች። ፎርሙ ላይ ያለው ቦታ የቁጥር ነው። አለቃዬ የነበረው ፈረንጅ፣ “ካላወቁት ጃንዋሪ አንድ በልና እለፍ” አለኝ፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 መሆኑ ነው። ዓመቱን ፊታቸውን አይቼ እገምታለሁ። ጠዋት ጠዋት ደህና አድርጌ እጠይቅ ነበር፤ ቀትር አልፎ ፀሐዩ አናት ሲበሳና ሰልፉ አልቀንስ ሲል ግን ሳልጠይቅ ጃንዋሪ አንድ እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። የእህቴ ተራ የደረሰው ከቀትር በኋላ ነው።

የእሷን ልደት እኮ አውቀዋለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሐምሌ ሰባት፣ የሥላሴ ዕለት፣ አዋላጅ ልጠራ ዝናብ ውስጥ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መቁጠሩ ሰለቸኝ። ጃንዋሪ አንድ ብዬ አሳለፍኳት። እሷ ወደ አሜሪካ ሄደች፤ እኔ መንግሥት ሲለወጥ ወደ ጎንደር ተመለስኩ፤ ነገሩንም ረሳሁት።

ቤቱ ጠበበኝና ወጣሁ። ሃቫና ስትሪት የሚባለው ጎዳና ቅርብ ነው። የኮሪያው፣ የሜክሲኮው፣ የኛው ሰው ሱቅ ጎን ለጎን ተደርድሯል፤ መሀል መሀሉን የመኪና መሸጫ ሞልቶታል። የሚራመድ ሰው ግን የለም። ጎንደር ላይ ከቤት እስከ ፒያሳ ስሄድ ከሃያ ሰው ጋር ሰላምታ እለዋወጣለሁ፤ እዚያ አንድ ሰዓት ስሄድ ያገኘሁት ሰው የለም። ሱቁ ሁሉ አንድ ዓይነት መሰለኝና ጠፋሁ። ሰማዩ ሰፊ፣ ብርሃኑ ነጭ፤ እግሬ መሬት የነካ አልመስለኝ አለ። አንድ የአውቶቡስ መጠበቂያ ወንበር አግኝቼ ተቀመጥኩ።

አንድ መኪና አለፈኝ፤ ዞሮ ተመልሶ መጣ። “አባባ፣ ከየት ነዎት?” አለኝ ሹፌሩ በአማርኛ። ኑሩ ይባላል፣ የመርካቶ ልጅ ነው፣ ታክሲ ይነዳል።

“ያገርህ ሰው መሆኔን በምን አወቅህ?”

“እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ሲሄዱ ቅድም አይቼዎታለሁ። እዚህ አገር እንደዚያ የሚሄድ የኛ ሽማግሌ ብቻ ነው” አለኝና በሩን ከፈተልኝ። “የማን እንግዳ ነዎት?”

“የአልማዝ ታደሰ ወንድም ነኝ።”

“የጎንደሯ አልማዝ ነው የጋይንቷ?”

“ሁለት አሉ እንዴ?”

“አሉ እንጂ። የጎንደሯ አጠር፣ ቀላ ያለችው፤ አረጋውያን ቤት የምትሠራው።”

“እሷ ነች። የጋይንቷስ?”

“የጋይንቷማ እናታችን ናት። ኮልፋክስ ላይ ስትኖር አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ጋ ነበር። ክርስቲያን አትል፣ እስላም አትል። እኔ ራሴ ሁለት ወር ምንጣፏ ላይ ተኝቻለሁ። ሊዙ፣ የኪራይ ውሉ ማለቴ ነው፣ ለሦስት ሰው ነው፤ እኛ ዘጠኝ ነበርን። ማኔጅመንቱ ከሰሳትና ኢቪክት አደረጋት፤ በፍርድ ቤት አስወጣት።”

የእህቴን ሰፈር ፈልጌ ያጣሁትን፣ ኑሩ ስሟን ብቻ ሰምቶ በሯ ላይ አደረሰኝ። ሂሳብ ስለው ተቆጣኝ።

ሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ። ስንነሣ በረዶ ጥሏል። ግሪን ቫሊ ራንች ወዳለው የአከራዮቹ ቢሮ እኔ፣ አልማዝና ቤቲ ሄድን። አዲስ ሰፈር ነው፤ ቤቶቹ ሁሉ እህትማማች ይመስላሉ፣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ያልፍበታል። አልማዝ በመንገዳችን ላይ “ያቺ ናት” ብላ ቤቷን አሳየችኝ። ግራጫ በር፣ በረዶ የለበሰ አንድ ዛፍ። የሌላ ሰው ልጅ እንደምታይ ሆና አየቻት።

የቢሮዋ ሴትዮ ሊንዳ ትባላለች፤ ደግ ሴት ናት። በጫማዬ ላይ የነበረውን በረዶ አይታ ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጠችኝ፣ ብስኩት አቀረበች። “ልሰጣችሁ እፈልጋለሁ፤ እወዳችኋለሁ” አለች። “ግን ስሟን ሳስገባ ኮምፒውተሩ ቀይ ያሳየኛል። ለምን እንደሆነ ለእኔም አይነግረኝም።”

የሰማሁትን ነገርኳት፤ ሌላ አልማዝ ታደሰ አለች፣ የተባረረችው እሷ ናት አልኳት። ሊንዳ ግራ ገባት። “ሁለት ሰው አንድ ስም፣ ያውም በአንድ ቀን ተወልዶ?”

ያስረዳቻት ቤቲ ናት፤ በዚያ ጥድፍ ባለው እንግሊዝኛዋ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ሁለተኛው ስማችን የአባታችን ነው፣ ታደሰ የሚባል አባት ደግሞ እልፍ ነው። በስደት የመጡት ወላጆቻችን ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለዱት ተብሎ ተጽፏል። የእናንተ ሰው ልደቱ በዓመቱ ቀን ሁሉ ላይ ተበትኗል፤ ኮምፒውተሩ የተሠራው በእናንተ ልክ ነው። የእኛን ሲያይ ሰው አይለይም፤ የአንዱን ጥፋት ለሌላው ይሰጣል።

“ያቺ ሴት መኖሯን የሚያሳይ ነገር አምጡልኝ” አለች ሊንዳ። “መኖሯን አሳዩኝና እሞክራለሁ።”

ቤቲ ስታስረዳ እኔ ብስኩት ስበላ ነበር። ጃንዋሪ አንድን የጻፈው ሰው ማሞቂያው አጠገብ መቀመጡን አልተናገርኩም።

ከቀትር በኋላ እንቅልፍ ጣለኝ፤ የአገር ሰዓትና የዚያ ሰዓት ሆዴ ውስጥ ተጣልተው ነበር። በሕልሜ ገዳሪፍ ነኝ፤ አሸዋው ላይ ግን በረዶ ይወርዳል፣ በረዶውም ይሞቃል። ሰልፉ ከጠረጴዛዬ ጀምሮ እስከ እነዚያ የዴንቨር ተራሮች ይደርሳል። ሁሉም ነጠላ ለብሰዋል፤ ቀና ብዬ ሳይ ሁሉም አንድ ፊት አላቸው። “መቼ ተወለዳችሁ?” እላለሁ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። እኔም ዝም ብዬ እጽፋለሁ።

ስነቃ አልማዝ ከሥራ ገብታ አጠገቤ ተቀምጣለች። በረዶው ቀልጦ ከጣራው ይንጠባጠባል። ሳላስበው ሁሉንም ነገርኳት፤ ሐምሌ ሰባትን፣ ዝናቡን፣ አዋላጇን፣ ሰልፉን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን የምትለቅመው እሷ ሆነች። አፈርኩ።

“ሐምሌ ሰባት ነው?” አለች እህቴ።

“ሐምሌ ሰባት። የሥላሴ ዕለት።”

“ሥራ ቦታ በየዓመቱ ጃንዋሪ አንድ ኬክ ያመጡልኛል፤ በዓል ስለሆነ ሁሌም ሺፍት ይደርሰኛል። ሻማውን ሳጠፋ ለማን እንደማጠፋው ሳላውቅ እስቃለሁ።” እጄን ያዘችኝ። ይቅር አለችኝ አላለችኝም አላውቅም፤ እጇ ግን ሞቃት ነበር።

አራተኛው ቀን፣ ረቡዕ። ኑሩ ወደ ሞንትቤሎ ወሰደን። ትንንሽ የጡብ ቤቶች ያሉበት፣ መኪናቸው ውጭ የቆመበት የሠራተኛ ሰፈር ነው። የጋይንቷ አልማዝ የምትኖረው በአንድ ወዳጇ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮቱ ጣራው ሥር ነው፤ ብርሃኑ ከበረዶው ላይ ነጥሮ ሰማያዊ ሆኖ ይገባል፤ ውሃ ውስጥ የተቀመጥን ያህል ነበር። እሷ ረጅም ናት፣ ጠይም፣ ፍንጭት። አውሮፕላን ማረፊያ ታጸዳለች። እህቴና እሷ በቤተ ክርስቲያን በሩቅ ይተዋወቃሉ፤ ስማቸው አንድ መሆኑን እንደ ቀልድ ያውቁት ነበር።

እኔን አተኩራ አየችኝ። “እርስዎን የት ነው የማውቅዎት?”

“እንጃ፣ እኔ ከጎንደር…”

“ገዳሪፍ” አለች። “ጠረጴዛ ላይ፣ እስክሪብቶ ይዘህ። የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው የተወለድኩት ብዬ ብለምንህ፣ ‘ፎርሙ ለሚካኤል የሚሆን ቦታ የለውም’ ያልከኝ አንተ ነህ።”

መሬቱ ቢከፈት ደስ ባለኝ። “እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።”

“ይቅርታው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ብላ” አለች። ጾም ነውና የሱፍ ፍትፍት አቀረበችልን። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ በዚያ አገር አላገኘሁም፤ እንደዚያ ለመዋጥ ያስቸገረኝም የለም።

የመጣንበትን ግን ማንም አላነሣም። እህቴ ጣቷን ታፍተለትላለች። ምን ብላ ትጠይቅ? ‘ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ ያንቺ ነው ብለሽ ፈርሚልኝ’ ማለት እኮ ነው። ሴትዮዋ ከተባረረች ጀምሮ ባመለከተችበት ሁሉ ቀይ እየበራባት ነው ምድር ቤት የገባችው። በመጨረሻ ቤቲ በጎደሎ አማርኛዋ እንዳለ ተናገረችው።

የጋይንቷ አልማዝ እስከ ዳር ሰማች። “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል ያገሬ ሰው። ይኼ ኮምፒውተር ሁለቱንም ሆኖ መጣ” አለች። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረች። “ስንት ቀን ሆነሽ እኔን ከተሸከምሽ?”

“ኧረ ተይ፣ እንዲህ አትበይ።”

“አልሰረቅሁ፣ ሰው አልመታሁ። ሰው አሳደርኩ። የኔ ነው፣ እፈርማለሁ። ላንቺ ለምን ይተርፋል?”

ኑሩ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። ከዘጠኙ አንዱ እሱ ነበር።

አምስተኛው ቀን፣ ሐሙስ። ሁለቱ አልማዞች ሊንዳ ፊት ጎን ለጎን ቆሙ። አንዷ ለአንዷ ትከሻ ትደርሳለች። ሊንዳ መታወቂያቸውን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አድርጋ አየች፤ ስም አንድ፣ ቀን አንድ፣ ዓመት አንድ። ሁለቱን ሴቶች ቀና ብላ አየች። እንደገና ወረቀቱን አየች። ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደገና አስገባች፤ እንደገና ቀይ።

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። “እያየኋችሁ ነው እኮ” አለች፤ ለራሷ የምታወራ ትመስል ነበር። ከዚያ የመታወቂያዎቹን ቅጂ አንስታ ለዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈች፤ አንድ ሰው በዓይኑ አይቶ እንዲወስን። የጋይንቷ አልማዝ መዝገቡ የእኔ ነው የሚለውን ወረቀት ቀስ ብላ፣ በአማርኛ ፊደል ፈረመች። እህቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

“ይቅርታ፣ እኔ አይደለሁም፤ ሲስተሙ ነው” አለችን ሊንዳ በር ድረስ ሸኝታን። እኔም ገዳሪፍ ላይ ‘እኔ አይደለሁም፣ ፎርሙ ነው’ ስል ነበር። ያኔ እውነቴን ነበር፤ እሷም እውነቷን ነው። ይህ ነው ያሳዘነኝ።

ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ቀን መጠበቅ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ኑሩ ተራራ ላሳይዎት ብሎ ወሰደኝ። ወርቅ የመሰሉ ቅጠሎች፣ ፀጥ ያለ ውሃ፣ እንደ እጣን የሚሸት ጥድ እንዳለ አስታውሳለሁ። የቀረውን ተኝቼ አለፍኩት። ኑሩ ሳይቀሰቅሰኝ፣ ጃኬቱን ደርቦልኝ፣ ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ ጠበቀኝ። ወሩ ሊያልቅ ስምንት ቀን ቀርቶታል፤ እህቴ ካርቶን ከፍታ ሳህን ታወጣለች፣ አጥባ ትመልሳለች።

ዘጠነኛው ቀን፣ ሰኞ። ቤቲ ከኮሌጅ በሩጫ መጣች። “አፕሩቭድ!” ብላ ስልኳን ዘረጋችልን። አልማዝ አነበበች፤ ደገመች። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ያዘች። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ስል፣ እሷ ቀና ብላ፣ “ለእሷስ ምን እላታለሁ?” አለች።

አሥረኛው ቀን ዕቃ ተጫነ። ኑሩ የጓደኛውን የጭነት መኪና ይዞ መጣ። የጋይንቷ አልማዝም ሳትጠራ መጥታ ከሁላችን የበለጠ ተሸከመች። ዕቃው ሲያልቅ ግራጫው በር ላይ አቆሙኝና ምርቃት ጀመርኩ። “የመጣሽበትን ቀን ይባርክልሽ። ክፉ አይግባበት። ቤትሽ እንግዳ አይታጣበት…” ብዬ ዓይኔ የጋይንቷ አልማዝ ላይ ወደቀና አቋረጥኩት። አባቶቻችን የሚመርቁበትን፣ እሷ የተባረረችበትን ነገር ነው የተናገርኩት።

“አሜን” አለች እህቴ ጮክ ብላ። “ጨርሰው እንጂ ጋሼ።” ጨረስኩት።

ምሳ ተበላ። የጋይንቷ አልማዝ ልትሄድ ስትነሣ ጫማዋ የለም። በር ላይ ብንፈልግ፣ ካርቶን ውስጥ ብንፈልግ የለም። የደበቀችው እህቴ ናት። “ከላይ ያለው ክፍል ባዶ ነው” አለቻት።

“ምን ነካሽ? ዛሬ የገባሽበትን ቤት?”

“ማሚ” አለች ቤቲ፣ “ሊዙ ቱ ፒፕል ነው የሚለው።”

“አንብቤዋለሁ።”

“በኔ ሰበብ ያንቺም ስም ቀይ ይሆናል” አለች የጋይንቷ።

“ሆኜ አየሁት እኮ፤ አልሞትኩም” አለች እህቴ። “ደሞ ቀስ ብለን ሊንዳን እንጠይቃታለን፤ ኮምፒውተሩን አይደለም፣ እሷን።” ኑሩ ወጥቶ ከሞንትቤሎ ያንድ ሻንጣ ዕቃዋን ይዞ ተመለሰ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደ አገሬ ለመመለስ ሻንጣዬን መኪና ላይ አስጫንኩ። ቤቲ አዲሱ የፖስታ ሳጥን በር ውስጥ የሚለጠፍ ትንሽ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ፖስተኛው እንዲያውቅ የነዋሪዎቹ ስም ይጻፍበታል። “ጋሼ፣ ለሁለቱም ይጻፉላቸው” አለችኝ። ሁለቱ ሴቶች በር ላይ ቆመው ያዩኛል፤ አንዷ ለአንዷ ትከሻ ትደርሳለች። እስክሪብቶዬን አውጥቼ አልማዝ ታደሰ ብዬ አንድ ጊዜ ጻፍኩ። ለሁለቱም በቃ።